ክቡር አቃኚና አጫጭሮቹ መስመሮች

ሰው የሚኖርበት ሕንፃ ሁሉ መሠረት፣ ጣሪያና አንድ አቃኚ አለው። መሠረቱ ሊሰነጠቅ፣ ጣሪያው ሊያፈስ ይችላል፤ አቃኚው ግን ከሥራ ቀርቶ አያውቅም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ቤታችሁ ገብቶ ሰላምታውን ሳይጨርስ ዓይኑ ግድግዳችሁን ይዞራል። ስለ ጤናችሁ እየጠየቀ፣ መልሳችሁን ሳይሰማ፣ የተዛነፈውን ሥዕል በሁለት ጣቱ ገፋ ያደርጋል። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ሥዕሉን ያያል። ቀጥሎ እናንተን ያያል። እናንተም ሥዕሉን ያዛነፋችሁት ሆን ብላችሁ ይመስል ታፍራላችሁ።

የእኛ ሕንፃ አቃኚ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። እኔ ሁለተኛው ላይ ነኝ፤ የእሳቸው ወለል የእኔ ጣሪያ ነው። በዕድሜ እኩዮች ነን፤ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል፤ ፊት ለፊት ስንገናኝ «አንተ» ነው የምንባባለው። እዚህ ግን «አንቱ» እላቸዋለሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ያለ ማዕረግ አይሆንም። ክቡር አቃኚ ብያቸዋለሁ።

ክቡር አቃኚ የማያቃኑት ነገር የለም። ፀጉር ቤት ሲገቡ ፀጉር አስተካካዩን ያስተካክሉታል። «በቀኝ ጆሮው በኩል አንድ ጣት ከፍ ብሏል» ይሉታል፣ ያውም የሚቆረጠው ሌላ ሰው ሆኖ። ሻይ ቤት ሲቀመጡ የጠረጴዛውን እግር በታጠፈ ወረቀት ካላስደገፉ ሻዩ አይወርድላቸውም። የአንድ ጎረቤታችን ሠርግ ላይ ፎቶ አንሺው ተማሮ «አባባ፣ እባክዎ ከፎቶው ውስጥ ይውጡ!» ቢላቸው፣ «እወጣለሁ፤ መጀመሪያ ክራባቱ መሐል ይግባ» ብለው መለሱለት። የዚያ ሠርግ አልበም እስከ ዛሬ አለ። እያንዳንዱ ፎቶ ዳር ላይ አንድ የሽማግሌ እጅ ይታያል።

ወሬም ያቃናሉ። አንደኛ ፎቅ ያለችው ልብስ ሰፊ አንድ ቀን ደረጃው ላይ ስለ ጉልበቷ ስታወራን፣

«ማክሰኞ ዕለት ሐኪሙ ጋ ሄጄ...» ብላ ጀመረች።

«ረቡዕ ነበር» አሉ ክቡር አቃኚ።

«እንዴ! ጉልበቱ የእኔ፣ ሐኪሙ የእኔ፣ እርስዎ ምን ያውቃሉ?»

«ማክሰኞ ደረጃው ይታጠብ ነበር። አንቺ ስትወርጂ ደረቅ ነበር።»

ረቡዕ ነበር። ሰውን የሚያናድደውም ይኸው ነው፤ ሁልጊዜ ልክ ናቸው። ልብስ ሰፊዋ መርፌዋ ላይ ክር እያስገባች፣ «የውሻ ጅራት አይቃናም ይባላል። እኒህ ሰውዬ ግን ውሻው ራሱ ሰልችቶት እስኪያቃናው ድረስ ይቀመጡበታል» አለች።

ለዚህ ሁሉ ያላቸው መፈክር አንድ ነው፤ «ቆይ፣ እኔ ላቃናው።»

ነገሩ ከሥራቸው የመጣ ነው። ወረቀት ቆራጭ ነበሩ። መጽሐፍ ተጠርዞ ሲመጣ ሦስት ጠርዙ የተበጣጠሰ ነው፤ እሳቸው ከትልቁ ቢላ ሥር አስገብተው፣ አንዴ አስተያይተው፣ ይጫኑታል። እንደ ሳሙና ለስልሶ ይወጣል። በዕድሜያቸው የቆረጡት ገጽ ቢዘረጋ ከተማ ያለብሳል። እስከ አርባ ሁለት ዓመታቸው ድረስ ግን ከዚያ ሁሉ ገጽ አንዱን ማንበብ አይችሉም ነበር።

በአርባ ሁለት ዓመታቸው ብቻቸውን ጀመሩ። ከማተሚያ ቤቱ ብልሽት ክምር ውስጥ አንድ የሕፃናት ማንበቢያ አነሡ። ፊደሉ ትልልቅ፣ መስመሩ አጭር፣ በገጽ አምስት መስመር፣ በመስመር ሦስት ቃል። ምሳ ሰዓት ላይ ከወረቀት ጥቅልሉ ጀርባ ተቀምጠው፣ ጣታቸውን ከቃሉ ሥር አድርገው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያነቡ ነበር። አንድ ቀን ከሠራተኞቹ አንዱ ከጀርባ መጥቶ በትከሻቸው ላይ አየና፣ አዳራሹ በሙሉ እንዲሰማ፣ «እህሳ፣ ድመቷ ወተቱን ጠጣች ወይስ ገና ናት?» አለ። ማሽኑ ቆሞ ነበርና ሳቁ ጥግ ድረስ ተሰማ።

በማግሥቱ ማንበቢያው በጋዜጣ ተሸፍኖ መጣ። በዓመቱ መስመሩ ዳር እስከ ዳር የሞላ ወፍራም መጽሐፍ ይዘው ታዩ። በአምሳ ዓመታቸው አራሚ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ የሞላ መስመር ለእሳቸው እንደ ሱፍ ልብስ ነው፤ አጭር መስመር ደግሞ በውስጥ ሱሪ አደባባይ እንደ መውጣት። ከንፈራቸው ዛሬም ይንቀሳቀሳል፤ ስለዚህ ሰው ባለበት አያነቡም።

አሁን ወደማልወደው ቦታ ደርሻለሁ።

ሁለት የልጅ ልጆች ነበሯቸው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ወንድና አሥራ አራት ዓመት የሞላት ሴት። አንድ ጠዋት ልጅቷ የቤት ሥራ ደብተሯን ረስታ ትምህርት ቤት ሄደች። ትዝ ሲላት ወንድሟ ጋ ደወለችና «አምጣልኝ» አለችው። እሱም ደብተሩን ደረቱ ውስጥ ሸጉጦ በብስክሌት ወጣ። እሷ በር ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር። በሩ ፊት ያለው መታጠፊያ ላይ ከጭነት መኪና ጋር ተገናኘ። ከዚህ በላይ አልጽፈውም፤ እሷ ጽፋዋለች።

ከቀብሩ በኋላ ልጅቷ ከ«አዎ»፣ ከ«አይ» እና ከ«በላሁ» በቀር ቃል አጣች። እናቷ ነርስ ናት፤ የሰው ልጅ ስታድን ውላ ቤቷ ስትገባ የራሷን ልጅ ማናገር አቃታት። በመጨረሻ የቋንቋ መምህሯ ባዶ ደብተር ሰጣትና፣ «መናገር ካቃተሽ ጻፊ። በአንድ መስመር ሦስት ቃል። ከሦስት በላይ አልጠይቅሽም» አላት።

ሦስት ዓመት ጻፈች። ሦስት ሦስት ቃል እየሆነ መጽሐፍ ወጣው፤ በግጥም የተተረከ ልብ ወለድ፣ ወንድሟን ስላጣች፣ ስልክ የደወለችበትን እጇን ስለጠላች፣ ከዚያም ቀስ በቀስ መንገድ መሻገር እንደገና ስለለመደች ልጅ። ርእሱ «መንኮራኩሩ እስኪቆም» ይላል። መምህሩ እኩዮቿ ሁሉ ሊያነቡት ይገባል ብሎ፣ ትምህርት ቤቱ ስልሳ ቅጂ እንዲታተም አደረገ። የሚታተመውም እዚያው እኛ በሠራንበት ማተሚያ ቤት ነው።

ልጅቷ በኮምፒውተር የተጻፈውን ይዛ አያቷ ፊት ቆመች። «አባባ፣ ከመታተሙ በፊት እየው» አለች። አራት ቃል ነው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ለእሳቸው ያለችው ረጅሙ ዐረፍተ ነገር።

እሳቸውም ገና ሳይከፍቱት፣ «ቆይ፣ እኔ ላቃናው» አሉ።

ማተሚያ ቤት ሄደው ሁለት ቀን ሙሉ ከኮምፒውተር ጸሐፊዋ ወንበር አጠገብ ተቀመጡ። «ይህን መስመር ከዚያኛው ጋር አገናኚው። ይህንንም። የቀኙን ዳር ሙዪው።»

«አባባ፣ ግጥም አይደለም እንዴ?» አለች ጸሐፊዋ።

«ግጥም ቤት ይመታል። ይህ የቱ ጋ ነው ቤት የሚመታው? ግጥም ካልሆነ ልብ ወለድ ነው፤ ልብ ወለድ ደግሞ መስመሩን ይሞላል።»

«ልጅቷ ታውቃለች?»

«ትደሰታለች!»

መቶ ሰባ ገጽ የነበረው አምሳ አራት ገጽ ሆነ። ቀኙም ግራውም እንደ ግድግዳ ቆመ። አንድ ቃል አልጨመሩም፤ አንድ ቃል አልቀነሱም። ያን ሰሞን ደረጃውን ሲወጡ ኮቴያቸው ይዘፍን ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሞላ። ክቡር አቃኚ ከሁሉ ቀድመው ገብተው ወንበሮቹን ሁሉ በመስመር አቃንተው ነበር። መጻሕፍቱ እዚያው ከካርቶን ወጡ። ልጅቷ አንዱን አንሥታ፣ ፊት ቆማ፣ ከፈተች። አገላበጠች። ሌላ ቅጂ አንሥታ ከፈተች። ያም ያው ነው።

«ብስክሌቱ ወደቀ መንኮራኩሩ ግን ዞረ ዞረ ሰው ይጮኻል እኔ እቆጥራለሁ አርባ አንድ አርባ ሁለት ደብተሬ ንጹሕ ነው አንድ ገጽ አልታጠፈም...»

የት እንደምትቆም ጠፋት። ትንፋሽ አጠራት። እንደገና ከላይ ጀመረች፤ ያን ቀን ጠዋት በአንድ ትንፋሽ እንደገና የምትሮጠው ይመስል ነበር። አንድ ተማሪ ከኋላ ሳቀ፤ ክፉ ሆኖ ሳይሆን፣ ደንግጦ። ልጅቷ መጽሐፉን ዘጋችና ቀስ ብላ፣ «ይሄ የእኔ አይደለም» አለች። በቃ። በጎን በር ወጣች። አንድ ደግ ሰው አጨበጨበ፤ ማንም ስላልተከተለው አቆመ።

ቤት ሲደርሱ ክቡር አቃኚ ኩራታቸውን ይዘው ገቡ። ደረጃው ላይ እንኳ ድምፃቸው ይሰማ ነበር። «አቃናሁት እንጂ ምን አደረግኩ? አንድ ቃል ነካሁ? አንድ ቃል!»

ነርሷ ልጃቸው አልጮኸችም። «አባባ፣ አንብበኸዋል?» አለች።

ከራሴ በላይ ወንበር ሲቃና ሰማሁ።

«አባባ። አንብበኸዋል ወይ?»

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ልጅቷ መጀመሪያ የሰጠቻቸው ወረቀት በእጃቸው ሆኖ እኔ ቤት መጡ። ግድግዳዬ ላይ የተዛነፈውን ሥዕል አላዩትም። ወንበሩን እንደተጣመመ ተቀመጡበት። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ከባድ መሆኑ የገባኝ።

«የመጀመሪያው ገጽ ላይ ብስክሌት የሚል አየሁ» አሉኝ። «ከዚያ በኋላ አላነበብኩትም። ዓይኔን ከመስመር ጫፍ ወደ መስመር ጫፍ ብቻ አስኬድኩት። ጫፍ አያስለቅስም።»

«ታዲያ መሙላቱ ለምን?» አልኳቸው።

«አጭር መስመር አየሁ። ሰው እንዳይስቅባት ብዬ ነው።»

«ማን ይስቅባታል?»

ቀና ብለው ዓይኔን አዩት።

እዚህ ላይ ልናገረው። የድመቷንና የወተቱን ጥያቄ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። እኔ ጠራዥ ነበርኩ፤ ማንበብ በልጅነቴ ያስተማሩኝ፣ ያንንም በራሴ ጉብዝና ያገኘሁት የሚመስለኝ ሰው። ቀልዱ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኔ ረስቼው፣ ቤት ውስጥም ለልጆቼ አውርቼው፣ አስቄበት ነበር። እሳቸው አልረሱትም። ይቅርታ ልል አፌን ከፈትኩና፣ «ሻይ ላፍላ?» አልኩ። ሰው ሲፈራ እንዲህ ነው። እሳቸውም፣ «አፍላ» አሉ።

ሻዩን ይዤ ስመለስ እያነበቡ ነበር። እኔ ፊት! ጣታቸው ከቃሉ ሥር፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ። አንድ ገጽ ላይ ጣታቸው ቆመ። ወረቀቱን ወደ እኔ አዞሩት።

ለቅሶ ቤት ነው።
አያቴ
ወንበር ያቃናል።
ጠላሁት።

ሲነጋ አየሁት።
የወንድሜ ጫማ
አንዱ ወድቋል።
አነሣው።
ከጓደኛው አጠገብ
አቆመው።

በየጠዋቱ ያቆመዋል።
አንድም ቀን
አልረሳም።

እኔ የረሳሁትን
ደብተር
አንሥቶ አያውቅም።

ጫማው በራቸው ጀርባ እስከ ዛሬ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ማንም ተናግሮ አያውቅም፤ እሳቸውም እንደታዩ አያውቁም ነበር።

«አይታኛለች» አሉ። ሻዩን ሳይነኩት ተነሡ። «እኔን አይታ፣ እየኝ ስትለኝ፣ ቀኙን ሞላሁላት።»

ጣሪያዬ ቀጭን ነው፤ መስኮታችንም ክፍት ነበር። የልጅቷን ክፍል ሲያንኳኩ ሰማሁ።

«ልጄ፣ እኔ አላነበብኩትም ነበር።»

እንደገና አንኳኩ።

«አፍሬአለሁ። አያት ሆኜ፣ አራሚ ሆኜ፣ አላነበብኩትም።»

በሩ ተከፈተ። «አሁን አንብበው» አለች። «ጮክ ብለህ። እኔ እየሰማሁ።»

«እኔ እኮ... አንባቢ አይደለሁም፤ እንደ ሕፃን ነው የማነበው። ትስቂያለሽ።»

«አንብበው፣ አባባ።»

አነበቡ። ሦስት ቃል፣ ቆም። አንድ ቃል፣ ቆም። ጣታቸው የመስመሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ቀጣዩን መስመር እስኪያገኝ ጊዜ ይወስዳል፤ ያቺ ጊዜ ነች ዕድሜ ልካቸውን ሲያፍሩባት የኖሩት። «መንኮራኩሩ ግን።» ቆም። «ዞረ።» ቆም። «ዞረ።» እኔ ታች ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ትንፋሼን ያዝኩ። ጥሩ አንባቢ ነኝ የምል ሰው እንዲህ ማንበብ አልችልም፤ እኔ እሮጣለሁ። ጥቂት ገጽ እንዳለፉ የልጅቷ ድምፅ ገባ፤ እሳቸው ሲቆሙ እሷም ትቆማለች፣ ሲቀጥሉ ትቀጥላለች። ያን ያህል ቃል ከዚያ ክፍል ሲወጣ በሦስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነበር። ነርሷ ልጃቸው ከሥራ ስትመለስ ደረጃው ላይ ቆማ ሰማች። አልገባችም። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

ሰኞ ክቡር አቃኚ ማተሚያ ቤት ሄደው በሥራ አስኪያጇ ፊት ቆሙ። «ስልሳውን ቅጂ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ልጅቷም ጸሐፊዋም የሉበትም። እንደገና ይሠራልኝ፤ የምቆርጠው እኔ ነኝ» አሉ። እሳቸውን ለሚያውቅ ይህን ዐረፍተ ነገር ከአፋቸው ማውጣት ጥርስ ከመንቀል አይተናነስም። ከዚያ ከጸሐፊዋ አጠገብ ተቀመጡ። ልጅቷም በዚያኛው ጎን።

«እዚህ ጋ መስመሩን ስበሪው» አሉ።

«አባባ፣ ቀኙ ተዛነፈ እኮ!» አለች ጸሐፊዋ፣ ሳቋን ይዛ።

ክቡር አቃኚ ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አዩት። እጃቸው ከጉልበታቸው ትንሽ ተነሣ። መልሰው አስቀመጡት። «ተይው» አሉ። «ይዛነፍ። ትንፋሿ ነው።»

የጠረዝኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አልጠየቀኝም። የቆረጡት እሳቸው ናቸው። ሦስቱ ጠርዝ እንደ ሳሙና ለስልሷል፤ ስትከፍቱት ግን ውስጡ አንዱ መስመር ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ አንድ ቃል ብቻ። ልጅቷ ቅጂዋን ይዛ ያው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቆመችና እስከ መጨረሻው አነበበች። የጫማው ገጽ ላይ ስትደርስ አያቷን አየች፤ እሳቸውም መሬቱን አዩ። ከዚያ ቀና አሉ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ክቡር አቃኚ ማቃናት አቆሙ። ሻይ ቤት ጠረጴዛው ሲወዛወዝ ዝም ብለው ሻያቸውን ይጠጣሉ። ልብስ ሰፊዋ ሆን ብላ፣ «ዓርብ ዕለት ሐኪሙ ጋ...» ብላ ሐሙስ የሄደችበትን ብታወራ፣ «ጤናውን ይስጥሽ» ብለው አለፉ። ልብስ ሰፊዋ ቤቴ መጥታ፣ «ሰውዬው ታመሙ እንዴ? እኔ እኮ ዋሽቼ ነው!» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። የመተላለፊያው ሥዕሎች አንድ በአንድ ተዛነፉ። አምፖሉ ወደ ጎን ዘመመ። ለካ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቀጥ ብለን የኖርነው በእሳቸው እጅ ኖሯል።

እኔም ይቅርታ አልጠየቅኩም ነበር። እስከ ዛሬም በቃል አልጠየቅኩም፤ ሻይ ብቻ አፈላለሁ። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ በይቅርታው ፋንታ ይቆጠርልኝ። አንቱ ማለቴም ሲጀመር ለቀልድ ነበር፤ ያ ቀልድ የቱ ገጽ ላይ እንዳለቀ አላውቅም።

አሁን የማደርገውን ግን ልንገራችሁ። ከሰዓት በኋላ ኮቴያቸው ከላይ ደረጃውን ሲወርድ ስሰማ ከወንበሬ እነሣለሁ። ጉልበቴ እንደ ልብስ ሰፊዋ ነው፤ ቢሆንም እነሣለሁ። ግድግዳዬ ላይ ያለውን ሥዕል በአውራ ጣቴ ገፋ አድርጌ አዛንፈዋለሁ። ብዙ አይደለም፤ አንድ ጣት ያህል። የመጀመሪያ ሳምንት አይተው ዝም አሉ። በሁለተኛው ሳምንት እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ትናንት በሩ ላይ ቆመው ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ፣ «ይህ ሥዕል...» ብለው አቆሙ።

«ምን ሆነ?» አልኩ፣ እንደማያውቅ ሰው።

ዛሬም ኮቴው እየወረደ ነው። ሥዕሉን ሁለት ጣት አዛንፌ ተቀምጫለሁ።